ፒችትሪን ሊኑክስ ላይ ማሠራት፦ ከባክአፕ እስከ ፕሪንተር

«ላፕቶፔ ላይ ሊኑክስ ሚንት ተጭኗል፤ ፒችትሪ ግን እንቢ አለኝ። ምን ይሻለኛል?»

ይህን ያልጠየቀኝ የጅማ ሒሳብ ሠራተኛ የቀረ አይመስለኝም። ከሂርማታ መርካቶ፣ ከቡና አቅራቢ ቢሮ፣ ከፋርማሲ፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር፤ ጥያቄው አንድ ነው። ፒችትሪ የሒሳብ መዝገብ የሚያዝበት፣ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ ሶፍትዌር ነው፤ ሊኑክስ ሚንት ደግሞ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም። በስልክ «አሁን ምን ይታይሻል? እሱን ሳይሆን ከሱ በታች ያለውን ተጫኚ» እየተባባሉ መሥራት ደግሞ ለሁለታችንም አይመችም። ስለዚህ አንዴ በሥርዓቱ ልጻፈው።

ጥያቄው የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ከሆነም 8ኛው ትውልድና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ብዙ ሱቅ ያለው ላፕቶፕ ይህን አያሟላም። ማሽኑን ከመጣል ሰው ሊኑክስ ይጭናል። ኢንተርኔቱም ጽሑፉም ይሠራል፤ ፒችትሪ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

መመሪያውን የጻፍኩት ፒችትሪ 2010ን እና ሊኑክስ ሚንትን እያሰብኩ ነው። ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራ የደመወዝ ወይም የስቶክ ሶፍትዌር ላላችሁም አካሄዱ ያው ነው፤ የሜኑው ስም ብቻ ይለያያል።

የትኛው መንገድ ይሻላል?

ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትሞክሩት ዋይንን ነው። ዋይን የዊንዶውስን ፕሮግራም ያለ ዊንዶውስ ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ለትናንሽ ፕሮግራሞች ጥሩ ነው። ፒችትሪ ግን ብቻውን አይሠራም። መረጃውን የሚያነብለትና የሚጽፍለት ፐርቬሲቭ የሚባል ዳታቤዝ ከበስተጀርባ መነሳት አለበት። ዋይን የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው። ቢከፈትላችሁ እንኳ የድርጅት ሒሳብ እንዲህ ባለ ነገር ላይ አይጣልም። ምሽታችሁን አታባክኑ።

አስተማማኙ መንገድ ቨርቹዋልቦክስ ነው። ሊኑክሱ ውስጥ አንድ ራሱን የቻለ ዊንዶውስ ይከፍትላችኋል። ግቢ ውስጥ የራሱ በርና ቁልፍ ያለው ክፍል እንደማከራየት ነው፤ ተከራዩ ዊንዶውስ፣ ባለቤቱ ሊኑክስ። ፒችትሪ የሚያየው የለመደውን ዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ ምንም አይጠረጥርም። ከዚህ በኋላ «የውስጡ ዊንዶውስ» የምለው ይህንን ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ

ፒችትሪያችሁ ከፊስካል ፕሪንተር ወይም ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ጋር በኬብል የተያያዘ ከሆነ፣ ያቀረበላችሁን ድርጅት ሳታማክሩ ምንም አትንኩ። የማሽኑ ሶፍትዌር ቢቋረጥ ጣጣው የኮምፒዩተር ብቻ አይደለም።

ሁለትና ሦስት ኮምፒዩተር በኔትወርክ አንድ ዳታ የሚጋሩበት ቢሮ ከሆነም ዳታው የተቀመጠበትን ዋናውን ማሽን በዚህ መንገድ አትቀይሩ። ይህ መመሪያ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ለሚሠራ ሰው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሊኑክስ ሚንት የተጫነበት ኮምፒዩተር። ራሙ 8 ጂቢ ቢሆን ይመረጣል። 4 ጂቢም ያስኬዳል፤ ግን ጎን ለጎን ብሮውዘር መክፈቱን እርሱት።
- ቢያንስ 60 ጂቢ ባዶ ቦታ። ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።
- የዊንዶውስ መጫኛ ፋይል (አይኤስኦ) እና የራሱ የፈቃድ ቁልፍ። ዊንዶውሱ ሊኑክስ ውስጥ ስላለ ፈቃዱ አይቀርለትም። ፋይሉ ጊጋዎችን ስለሚበላ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የማታ ጥቅል ገዝታችሁ አውርዱት።
- የፒችትሪ መጫኛና የሲሪያል ቁጥሩ።
- የቅርብ ጊዜ የፒችትሪ ባክአፕ።
- አንድ ፍላሽ እና አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ።
- ዩፒኤስ፣ ወይም ባትሪው በትክክል የሚይዝ ላፕቶፕ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 11 ላይ ታያላችሁ።

ደረጃዎቹ

1. ከድሮው ዊንዶውስ ባክአፕ ውሰዱ

ይህ ኮምፒዩተሩ ፎርማት ከመደረጉ በፊት የሚሠራ ነው። ፒችትሪን ክፈቱ፤ «ፋይል»፣ ከዚያ «ባክ አፕ» በሉ። የድርጅቱን ስም ከፋይሉ ስም ጋር እንዲያካትት የሚጠይቀውን ሳጥን ምልክት አድርጉበት። ሁለት ሦስት ድርጅት የምትይዙ ከሆነ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ የምታውቁት በዚህ ነው። የሚወጣው ፋይል መጨረሻው ፒቲቢ ነው። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ኤክስተርናሉ ላይ አስቀምጡ።

የፒችትሪን ፎልደር እንዳለ ገልብጦ መውሰድ የሚመርጡ አሉ። ፐርቬሲቭ ፋይሎቹን ይዞ ባለበት ሰዓት የተገለበጠ ዳታ ግን ጎደሎ ሊሆን ይችላል። ባክአፑን ፒችትሪ ራሱ ይሥራው።

ኮምፒዩተሩ ያለ ባክአፕ ፎርማት ተደርጎ ከሆነ ደግሞ እዚሁ ቁሙ። በዲስኩ ላይ ምንም አዲስ ነገር አትጫኑበት፤ የጠፋ መረጃ ለሚያወጣ ባለሙያ አሳዩት። በላዩ ላይ በጻፋችሁ ቁጥር የማግኘት ዕድላችሁ ይጠባል።

2. ማመሳከሪያ ሪፖርቶችን አትሙ

ከድሮው ዊንዶውስ ሳትወጡ ሦስት ሪፖርት አውጡ፦ ትራያል ባላንስ፣ የተሰብሳቢ ሒሳብ ዝርዝር እና የስቶክ ዋጋ ሪፖርት። በወረቀት ቢሆን ይሻላል። «ሄልፕ» ሥር ካለው የደንበኞች ድጋፍ ክፍል ውስጥ «ፋይል ስታቲስቲክስ» የሚል መስኮትም አለ። በእያንዳንዱ ፋይል ስንት መዝገብ እንዳለ በቁጥር ያሳያል። ስልካችሁን አውጥታችሁ ፎቶ አንሱት።

ይህን ደረጃ ሁሉም ሰው ይዘለዋል። ዳታው በትክክል መዛወሩን የምታረጋግጡበት ሌላ መንገድ ግን የላችሁም። ፒችትሪ መከፈቱ ብቻ ማረጋገጫ አይደለም።

3. ቨርቹዋላይዜሽንን ክፈቱ

ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩት ወደ ባዮስ፣ ማለትም ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት ወደሚከፈተው የኮምፒዩተሩ ማስተካከያ፣ ግቡ። የሚጫኑት ቁልፍ ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2 ነው፤ ሌኖቮ ላይ እንደ ሞዴሉ ኤፍ1 ወይም ኤፍ2 ይሆናል። «ቨርቹዋላይዜሽን ቴክኖሎጂ» ወይም «ቪቲ-ኤክስ» የሚለውን ፈልጉ፤ ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ከሆነ «ኤስቪኤም» ሊል ይችላል። «ኢነብልድ» አድርጋችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ።

ፕሮሰሰሩ ሁለተኛ ሲስተም በውስጡ እንዲያስኬድ የሚፈቅደው ይህ ነው። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ከፋብሪካ ተዘግቶ ይመጣል።

እግረ መንገዳችሁን ባዮሱ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት እዩ። ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው፤ አሁኑኑ ቀይሩት። ፒችትሪ ቀኑን የሚወስደው ከሲስተሙ ስለሆነ የዛሬ ሽያጭ ያለፈ ዓመት ፒሪየድ ውስጥ ይገባባችኋል።

4. ቨርቹዋልቦክስን ጫኑ

ሊኑክስ ሚንት ላይ «ሶፍትዌር ማኔጀር»ን ክፈቱና ቨርቹዋልቦክስ ብላችሁ ፈልጉ። «ኢንስቶል» በሉ። ጥቁሩን ተርሚናል መንካት አያስፈልግም።

ኮምፒዩተሩ ላይ «ሴኪዩር ቡት» (ሲነሳ ያልተፈቀደ ሶፍትዌርን የሚከለክለው) ክፍት ከሆነ መሃል ላይ ፓስወርድ አውጡ ይላችኋል። ለጊዜው የምትጠቀሙበት ነው፤ ግን ጻፉት። ሪስታርት ስታደርጉ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። «ኢንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ ያንኑ ፓስወርድ አስገቡ። ሰማያዊውን ስክሪን ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት ቨርቹዋልቦክስ ማሽኑን፣ ማለትም የውስጡ ዊንዶውስ የሚኖርበትን ክፍል፣ ማስነሳት አይችልም።

ከዚያ «ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ» የሚለውን ክፈቱ። ስማችሁን ተጫኑ፣ ከግሩፖቹ ዝርዝር ውስጥ በ«ቪቦክስ» የሚጀምረውን ምልክት አድርጉበት። ኮምፒዩተሩን ሪስታርት አድርጉ። ይህ ካልተደረገ የዩኤስቢ ፕሪንተራችሁ ለውስጡ ዊንዶውስ በፍጹም አይታይም።

5. ማሽኑን ፍጠሩ

ቨርቹዋልቦክስን ክፈቱና «ኒው» በሉ። ስም ስጡት፣ የዊንዶውስ አይኤስኦውን አሳዩት። «ስኪፕ አንአቴንድድ ኢንስታሌሽን» የሚል ሳጥን ታያላችሁ፤ ምልክት አድርጉበት። ካላደረጋችሁ ቨርቹዋልቦክስ በራሱ ሊጭን ይሞክርና ዊንዶውሱ «የፈቃድ ጽሑፉን አላገኘሁትም» ብሎ መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል።

ራም፦ ኮምፒዩተሩ 8 ጂቢ ካለው 3 ወይም 4 ስጡት። 4 ጂቢ ብቻ ካለው 2 ስጡትና ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ ምረጡ። ከግማሽ በላይ አትስጡ፤ ባለቤቱ ሊኑክስ ራም ሲያጣ ሁለቱም ይንቀረፈፋሉ። ፕሮሰሰር 2፣ ዲስክ 40 ጂቢ ይበቃል። ዲስኩ 40 ተባለ እንጂ የሚይዘው የተጠቀማችሁበትን ያህል ቦታ ነው፤ ሲሞላ እያደገ ይሄዳል።

የትኛው ዊንዶውስ? እስከ ትናንት ፒችትሪያችሁ ይሠራበት የነበረውን። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ ችግር ሲመጣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

6. ዊንዶውሱን ጫኑ

«ስታርት» በሉና እንደማንኛውም ኮምፒዩተር ዊንዶውስ ጫኑበት። «ዲስኩን ላጥፋው?» ቢላችሁ አትደንግጡ፤ የሚያየው የራሱን 40 ጂቢ ብቻ ነው፣ ሊኑክሳችሁን አይነካም።

ዴስክቶፑ ሲመጣ ከላይ ካለው «ዲቫይስስ» ሜኑ «ኢንሰርት ጌስት አዲሽንስ» የሚለውን ተጫኑ። የውስጡ ዊንዶውስ ላይ ሲዲ ይታያል፤ ክፈቱና ጫኑት፣ ሪስታርት አድርጉ። ስክሪኑ የሚሰፋው፣ ሰዓቱ ከሊኑክሱ ጋር እኩል የሚሄደው፣ ፎልደር መጋራትም የሚቻለው በዚህ ነው።

ዊንዶውሱን በፈቃድ ቁልፉ አክቲቬት አድርጉ። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው እስከዚህ ነው።

7. የጋራ ፎልደር ክፈቱ

ሊኑክሱ ላይ «ድልድይ» የሚል ፎልደር ፍጠሩ፤ ስሙ ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፣ የቆዩ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደል ያለበት የፎልደር ስም ያስቸግራቸዋል። ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሼርድ ፎልደርስ» ገብታችሁ ጨምሩት። «ኦቶ-ማውንት» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ ከጨመራችሁት «ሜክ ፐርማነንት» የሚለውንም አትርሱ፤ አለዚያ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አሁን የውስጡ ዊንዶውስ ላይ እንደ አንድ ድራይቭ ይታያችኋል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው መተላለፊያ ይህ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የፒችትሪን ዳታ እዚህ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ። ብዙ ሰው «ሊኑክሱ ላይ ቢቀመጥ ይሻላል፣ ዊንዶውሱ ቢበላሽ ዳታው ይተርፋል» ብሎ ያስባል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ችግሩ ፐርቬሲቭ ፋይሎቹን እየቆለፈና እየፈታ ነው የሚሠራው፤ በጋራ ፎልደር በኩል ያ መቆለፍ አስተማማኝ አይደለም። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል፤ አንድ ቀን መዝገቡ ተበላሽቶ ታገኙታላችሁ። ዳታው የውስጡ ዊንዶውስ ሲ ድራይቭ ላይ ይኑር። ወደ ድልድዩ የሚወጣው ባክአፕ ብቻ ነው።

8. ፒችትሪን ጫኑ፣ ከዚያ ኢንተርኔቱን ቁረጡ

መጫኛውን በድልድዩ በኩል አምጡ። ከዚያው ላይ ግን አትጫኑት። መጀመሪያ ወደ ውስጡ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ገልብጡት፤ እንደ አድሚን ስታስነሱት ዊንዶውስ የጋራውን ድራይቭ ላያየው ስለሚችል መሃል ላይ «ፋይል አጣሁ» ይላል። ፒችትሪ የሚሠራው በዚህ ኮምፒዩተር ብቻ እንደሆነ ሲጠይቅ አዎ በሉት። ፐርቬሲቭን አብሮ ይጭናል። ሲጨርስ ሪስታርት አድርጉ።

ፎርማችሁ ላይ የድሮ የግዕዝ ፎንት ትጠቀሙ ከነበረ ፎንቱንም አሁኑኑ ጫኑ። ባክአፕ የፎርሙን ቅርጽ እንጂ ፎንቱን ይዞ አይመጣም። ሊኑክሱ ላይ የምትጽፉበት የአማርኛ ኪቦርድም እዚህ አይሠራም፤ የውስጡ ዊንዶውስ የራሱን ኪቦርድ ይፈልጋል።

ሲያልቅ ማሽኑን አጥፉና «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ» ገብታችሁ «ኢነብል ኔትወርክ አዳፕተር» የሚለውን ምልክት አንሱት። ድጋፉ የቆመ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ላይ መቆየት የለበትም። ፒችትሪም ለዕለት ሥራው ኢንተርኔት አይፈልግም። ኢሜይልና የግብር ማስታወቂያ በሊኑክሱ ብሮውዘር ይሠራሉ። ከውጭ የመጣ ፍላሽም ሊኑክሱ ላይ ይከፈት፣ የሚፈለገው ፋይል ብቻ በድልድዩ ይለፍ። ከሰው ሰው የሚዞር ፍላሽ ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

9. ዳታውን መልሱና አመሳክሩ

የፒቲቢውን ፋይል ወደ ውስጡ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ገልብጡ። ፒችትሪ ላይ «ፋይል»፣ «ሪስቶር» በሉ። ነባር ድርጅት ላይ ወይስ አዲስ ድርጅት ሆኖ ይመለስ ብሎ ይጠይቃል። «አዲስ ድርጅት» የሚለውን ምረጡ። ነባሩን ከመረጣችሁ ያለውን ዳታ በላዩ ላይ ይደመስሰዋል።

ምን ምን ይመለስ ሲል የድርጅቱን ዳታ ብቻ ሳይሆን «ከስተማይዝድ ፎርምስ» የሚለውንም ምልክት አድርጉ። ያለበለዚያ ስንት ቀን ለፍታችሁ ያስተካከላችሁት የኢንቮይስ ቅርጽ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የአዲስ እትም ባክአፕ በአሮጌ እትም ላይ አይመለስም። አሮጌው በአዲሱ ላይ ይመለሳል፤ አንዴ ከተቀየረ በኋላ ግን ወደ ኋላ መሄድ የለም። ስለዚህ የጫናችሁት እትም ከድሮው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ።

አሁን ደረጃ 2 ላይ ያተማችሁትን ወረቀት አውጡ። ያንኑ ትራያል ባላንስ በዚያው ፒሪየድ አውጡና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የዴቢትና የክሬዲት ድምሩ እስከ ሳንቲሙ አንድ መሆን አለበት። ተሰብሳቢው፣ ስቶኩ፣ ከዚያ የፋይል ስታቲስቲክሱ ፎቶ። የመጨረሻውን ኢንቮይስ ከፍታችሁ 15 በመቶው ቫት በቦታው መኖሩንም እዩ። ሁሉም ልክ ከሆነ ሥራ ጀምሩ። አንድ ቁጥር እንኳ ካልገጠመ ምንም ሳትመዘግቡ ሌላኛውን ባክአፕ መልሱ። ድሮው ዊንዶውስ እስካሁን ካለ ይህ ሳይጠናቀቅ አታጥፉት።

10. ፕሪንተሩን አገናኙ

ሁለት መንገድ አለ፤ የትኛው እንደሚሻላችሁ የሚወስነው ፕሪንተራችሁ ነው።

በኤ4 የሚያትም ሌዘር ከሆነ ፒዲኤፍ ይቀላል። ዊንዶውስ 10 በውስጡ ወደ ፒዲኤፍ የሚያትም ፕሪንተር አለው። ፒዲኤፉን ድልድዩ ላይ ሴቭ አድርጉ፣ ከሊኑክሱ አትሙት። አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ በምትኩ የእያንዳንዱ ሰነድ ቅጂ ይቀርላችኋል።

ካርቦን ባለው ባለ ሦስት ቅጠል ወረቀት ላይ በዶት ማትሪክስ የምታትሙ ከሆነ ግን ፒዲኤፍ አይሆንም፤ መስመሩና ክፍተቱ ይዛባል። ፕሪንተሩን በቀጥታ ለውስጡ ዊንዶውስ ስጡት። ኬብሉን ሰክታችሁ «ዲቫይስስ»፣ «ዩኤስቢ» ግቡና የፕሪንተሩን ስም ተጫኑ። ከዚያ ድራይቨሩን ውስጥ ጫኑ። በየቀኑ እንዳትነካኩት «ሴቲንግስ»፣ «ዩኤስቢ» ውስጥ ፊልተር ጨምሩለት፤ ማሽኑ ሲነሳ በራሱ ይይዘዋል። ከቨርቹዋልቦክስ 7.0 ጀምሮ የዩኤስቢ 2ና 3 ድጋፍ አብሮ ስለሚመጣ «ኤክስቴንሽን ፓክ» የሚባለውን ለዚህ ብላችሁ አትጫኑ። እሱ ለድርጅት ሥራ የሚከፈልበት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ፕሪንተሩ ለውስጡ ዊንዶውስ ከተሰጠ ሊኑክሱ አያየውም። ተበላሸ ብላችሁ ኬብል አትቀይሩ።

11. የዕለቱ አዘጋግ

ማታ ሱቅ ሲዘጋ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፒችትሪ ላይ ባክአፕ ወደ ድልድዩ፤ ፒችትሪን መዝጋት፤ የውስጡን ዊንዶውስ በራሱ «ሸት ዳውን» ማጥፋት፤ በመጨረሻ ሊኑክሱን። የመስኮቱን ኤክስ ከተጫናችሁ ቨርቹዋልቦክስ ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል። «ፓወር ኦፍ» የሚለውን በፍጹም አትምረጡ። ሶኬት ከመንቀል አይለይም።

መብራት በድንገት ሲሄድም የሚሆነው ያው ነው። ፐርቬሲቭ እየጻፈ ሳለ ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በክረምት የጅማ ዝናብ ሲበረታ መብራቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ለእናንተ አይነገርም። ዩፒኤሱ ለሰዓታት መያዝ የለበትም፤ ከላይ ያለውን ቅደም ተከተል እስክትጨርሱ ከያዘ በቂ ነው። ጢጥ ጢጥ ሲል ደንበኛ ቢቆምም ዝጉ።

ባክአፑን በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ፍላሹ ቤት ይደር፤ ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ ሌባው ሁለቱንም ይወስዳቸዋል።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ማሽኑን አጥፍታችሁ ከቨርቹዋልቦክስ «ፋይል» ሜኑ «ኤክስፖርት አፕላያንስ» በሉ። ዊንዶውሱን፣ ፒችትሪውን፣ ዳታውን አንድ ፋይል አድርጎ ያወጣዋል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቨርቹዋልቦክስ ጭናችሁ «ኢምፖርት» በሉ፤ ከዚያ የቅርቡን ባክአፕ ሪስቶር ካደረጋችሁ ሥራችሁ ከዚያ ይቀጥላል። ኤክስተርናሉ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ግን ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ቀድማችሁ ወደ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ቀይሩት፤ ያለው ነገር ስለሚጠፋ መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡት።

ተደጋግመው የሚመጡ ስህተቶች

ስናፕሾትን እንደ ባክአፕ ማየት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ቨርቹዋልቦክስ የማሽኑን የዛሬ ሁኔታ የሚያስቀምጥ «ስናፕሾት» የሚባል ነገር አለው። ዊንዶውሱ ሲያስቸግር ወደዚያ መመለስ ያጓጓል። ግን የሚመለሰው ዊንዶውሱ ብቻ አይደለም፤ ዳታውም አብሮ ይመለሳል። የመስከረም ስናፕሾት በኅዳር ከተመለሰ የሁለት ወር ሽያጭ ጠፋ ማለት ነው። የግድ ከሆነ ከመመለሳችሁ በፊት ባክአፕ ወደ ድልድዩ አውጡ፣ ከተመለሰ በኋላ ሪስቶር አድርጉት። ስናፕሾት ማከማቸትም ዲስክ ይሞላል።

«ቪቲ-ኤክስ» ዝግ ነው የሚል መልእክት፣ ወይም ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ከዝርዝሩ መጥፋት። ደረጃ 3 አልተሠራም። ባዮሱን ሴቭ ሳታደርጉ ወጥታችሁም ይሆናል።

ከሊኑክስ አፕዴት በኋላ ማሽኑ አልነሳ ማለት። መጀመሪያ ሪስታርት። ካልሆነ ከሶፍትዌር ማኔጀር ቨርቹዋልቦክስን አንስታችሁ ድጋሚ ጫኑት። ማሽኖቻችሁ አይጠፉም፤ ብቻ «ማሽኑን ላጥፋ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ እምቢ በሉ። ሰማያዊው ስክሪን ከመጣም ደረጃ 4 ላይ እንዳልኩት። የወር መዝጊያ ቀን አፕዴት አትጫኑ።

ፒችትሪ ሲከፈት ዳታቤዙን አጣሁት ማለት። ፐርቬሲቭ ገና አልተነሳም። በአሮጌ ዲስክ ላይ ዴስክቶፑ ከመጣ በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ታገሱ፣ ከዚያ ክፈቱ። ደጋግሞ ካለ የውስጡን ዊንዶውስ ሪስታርት አድርጉ።

ማውሱ ውስጥ ተይዞ አልወጣ ማለት። በስተቀኝ ያለውን ኮንትሮል አንዴ ተጫኑ።

የኤክሴል ቁልፉ አለመሥራት። ፒችትሪ ሪፖርት ወደ ኤክሴል የሚልከው እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ ኤክሴል ካለ ብቻ ነው። ሊኑክሱ ላይ ያለውን ሊብሬኦፊስ አያውቀውም። በፒችትሪ «ፋይል» ሜኑ ውስጥ ካለው የኢምፖርትና ኤክስፖርት መስኮት ዳታውን በሲኤስቪ አውጥታችሁ ድልድዩ ላይ አስቀምጡ፤ ሊብሬኦፊስ ካልክ ያለ ምንም ችግር ይከፍተዋል።

ሁሉም ነገር መንቀርፈፍ። የሊኑክሱ ብሮውዘር ላይ ስንት ታብ እንደተከፈተ ቁጠሩ። ከዘጋችሁትም በኋላ ያው ከሆነ ራም ጨምሩ። ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ግን ራሙን ትታችሁ መጀመሪያ ኤስኤስዲ ግዙ።